በኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ጩኸት ስለጠፋው የልጄ ቃል

ናዝሬት፣ ግንቦት 1982 ዓ.ም.

ለጓድ ኃይለጊዮርጊስ
የአትክልት ማሰባሰቢያ ጽሕፈት ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣ የንብረት ጥበቃ ኮሚቴያችንም ሰብሳቢ

ክቡር ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ፣ ወገብዎንስ ተሻለዎት ወይ፣ የዘንድሮው ሙቀትስ አልከበደዎትም ወይ ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የመዝገብ ቤትዎ ታይፒስት ጤናዬ፣ ልቤ ከመሰበሩ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ባለፈው ስብሰባ ሠራተኛው ቅሬታውን ሳይፈራ በግልጽ እንዲጽፍ ስላዘዙ፣ ትእዛዝዎን መፈጸሜ ነው።

ቅሬታዬ ስለ ኮምፒዩተራችን ማራገቢያ ነው። ነገሩ ትንሽ መሆኑን አላጣሁትም። የሚከተሉትንም በቁጥር ያስቀመጥኩት ለኮሚቴው እንዲመች ብዬ ነው።

1ኛ. ስለ ልብሱ። ማሽኑ በዋናው መሥሪያ ቤት ሲያገለግል ኖሮ ሲያረጅ ለእኛ የተላከ መሆኑ ይታወሳል። ሊያሠለጥነን አብሮት የመጣው አብዱልመናን፣ እርስዎ ከፊት ወንበር ተቀምጠው እያዳመጡ፣ በሆዱ ውስጥ ሙቀቱን የሚያስወጣ ትንሽ ማራገቢያ እንዳለ፣ እየሠራ ልብስ እንዳይደረብበት፣ ከኋላው አየር እንዲተውለትና አቧራው በየጊዜው እንዲጠረግ አስረድቶናል። ቢያፏጭ አቧራ ነው፣ ቢንቀጫቀጭ አንድ ነገር ክንፉን እየነካው ነው፣ ቢያጓራ ዘይቱ ደርቋል ብሎም ነግሮናል። እርስዎም አጨብጭበው፣ በማግስቱ ከአብዮት በዓሉ መድረክ የተረፈውን ቀይ የከፋይ ጨርቅ ከነወርቃማ ዘርፉ አለበሱት። እንግዳ ቢመጣ ራቁቱን አይየው ማለትዎ ነበር። በየቤታችን ራዲዮውም ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለብሶ የሚውል ስለሆነ፣ በጨዋ ቤት ማደግዎን አመስግኜ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ዳንቴል የለበሰው ራዲዮዬ ግን አይተነፍስም።

2ኛ. ስለ ፍርግርጉ። ማሽኑ እንዳይሰረቅ በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ማሽኑም እንዳይከፈት ሆዱን በሰም አሸጉት። የኤሌክትሪኩ መሰኪያ ከውስጥ ቀረ፤ የመጻፊያው ሰሌዳ ብቻ በገመዱ ወጥቶ ተሰጠኝ። ጠዋት ራስዎ ከፍተው ያበሩታል፣ ማታ ራስዎ ያጠፉታል፣ ቁልፉ ከኪስዎ አይወጣም። የመሥሪያ ቤቱን ብቸኛ ስልክም አንድ ዘበኛ ሁለቱን እንዲጠብቅ ብለው ከፍርግርጉ ጎን አስቀመጡት። ለዚህ ቁጠባዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

3ኛ. ስለ ጩኸቱ። በመጀመሪያ አፏጨ፤ በጽሑፍ አመለከትኩ። የሥራ ድምፅ ነው ብለው መለሱልኝ። ቀጥሎ የከፋዩን ዘርፍ ክር እየሳበ ወደ ውስጥ አስገባና ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ደግሜ አመለከትኩ። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ማሽኑ መከፈት ያስፈልገው እንደሆነ የሚታወቀው ሲከፈት ብቻ መሆኑን ደረሰበትና ለሌላ ጊዜ ቀጥሮ ተበተነ። በመጨረሻም ያጓራ ጀመር። ከመቂ ሽንኩርት የጫኑ ሾፌሮች በመስኮት ብቅ እያሉ እህል ትፈጫላችሁ ወይ እያሉ ይጠይቁን ነበር። እስከዚህ ድረስ እኔም ከሠራተኛው ጋር ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

4ኛ. በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የስልክ ሠራተኛዋ ከአስመራ ነው አለችኝ። ልጄ ነጋሳ ነበር። እንደሚያውቁት ሌላ ልጅ የለኝም፤ አባቱ ጉደታ ገና ዳዴ ሲል ነው የሞተበት። ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድም የመሸኛውን ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነበሩ። ነጋሳ ቀኑን ሙሉ ቴሌ ተሰልፎ ውሎ ነው ያገኘኝ። እማዬ ሲል ሰማሁት። ወደ ምጽዋ ልንወርድ ነው ሲልም ሰማሁት። ከዚያ "ለጫልቱ ንገሪያት" አለና፣ የቀረውን ማራገቢያው ወሰደብኝ።

ድገምልኝ አልኩት፤ ደገመልኝ። ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ስልኩን ከውስጥ ያዝኩት፣ ገመዱ እስኪያልቅ ወደ በሩ ጎተትኩት፣ ፍርግርጉን በመዳፌ ደበደብኩት። ዘበኛው ቁልፉን ሊያመጣልኝ ወደ አዳራሹ ሮጠ፤ እርስዎ ግን ስለ ሥራ ቅልጥፍና ስብሰባ እየመሩ ስለነበር አይገባም ተብሎ ከበር ተመለሰ። ልጄ መስመሩ የራቀ መስሎት ሳቀ። ሳቁን ሰማሁት። ከዚያ ሰዓቱ አልቋል ተብሎ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ራዲዮው ስለ ምጽዋ የሚለው የለም፤ ከነጋሳም ደብዳቤ የለም።

5ኛ. ጫልቱ የልጄ እጮኛ ናት፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው የምትሠራው። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባና ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ "እትዬ ጤናዬ፣ ምን ንገሪያት አለ?" አንድ ቀን ጨከንኩና በጣም እወድሻለሁ ብሎሻል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ነጋሳ እንደዚያ አይናገርም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አይናገርም። ጠብቂኝ ብሎ ይሆናል። አትጠብቂኝ ብሎም ይሆናል። አሁን ከመተሐራ ሽማግሌ ተልኮባታል፣ ቤተሰቦቿም መልስ ስጪ ብለው ይዘዋታል። እሷ ግን ልጄ ያለውን ሳታውቅ እሺም እንቢም አልልም ብላ ቁጭ ብላለች። ለዚያች ልጅ የምሰጣት አንድ ቃል ነበር፣ እሱንም አልያዝኩላትም።

ስለዚህ ክቡር ጓድ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ቃሉ የጠፋው በመንግሥት ንብረት ጩኸት፣ በመሥሪያ ቤቱ ክፍልና በሥራ ሰዓት በመሆኑ፣ ጉዳዩ የንብረት ጥበቃ ኮሚቴውን እንደሚመለከት አምናለሁ። ኮሚቴው ለእሑድ በሚደርስ ጊዜ ተሰብስቦ፣ ልጄ ጠብቂኝ ወይስ አትጠብቂኝ እንዳለ በድምፅ ብልጫ ይወስንልኝ። የተወሰነውን ለጫልቱ እነግራታለሁ። ካላመነችኝም ማኅተም አድርገውበት ያሳዩልኝ።

ማሽኑን ከአቧራ፣ ከሌባና ከሰው እጅ ሁሉ ጠብቀው ላቆዩ ክቡርነትዎ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እጅ የምነሣ፣

የእርስዎው ታይፒስት
ጤናዬ ተክለሃይማኖት
የነጋሳ ጉደታ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው፣ የበላይ አካል ሊጎበኘን ነው ተባለና ማሽኑ ሊጠገን ቻለ። ኮሚቴ አልተሰበሰበም፤ ማኅተሙን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ሲፈልጡት በዓይኔ አይቻለሁ። አብዱልመናን ከአዲስ አበባ ተጠርቶ መጣ፤ ከማራገቢያው ላይ የተጠመጠመውን ወርቃማ ክር ፈትቶ አወጣ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገለት። የእርስዎ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። አሁን ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ የስልኩም አለመጮህ ቀኑን ሙሉ በደንብ ይሰማኛል። ከማሽኑ የተረፈ ሰም ካለዎት እባክዎ ስልኩንም ያሽጉልኝ፤ እርስዎ ያሸጉት ነገር ለእንግዳ ካልሆነ በቀር እንደማይከፈት ስለማውቅ፣ መጠበቄን እተዋለሁ።