የእህቴን አራት ሰከንድ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያው የፕሮግራሞች ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትኖሩ፣ በተለይም ከመካከላችሁ ማንም ለሐሙስ ፕሮግራም የሚበቃ አሟሟት እንዳይገጥመው ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ እህቴ አንድ ምሽት ከሥራ ስትመለስ ታንቃ ከተገደለች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ገዳይዋ እስካሁን አልተያዘም። እርስዎ ግን እንዳንረሳት አስበው፣ በየሐሙሱ በዘጠኝ ሰዓት በሙዚቃ አጅበው እንደገና ስለሚገድሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ጊዜዎን መሻማት ባይሆንብኝ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩ኛ/ አቅራቢዎ «ወንድምየው ዘወትር አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ነው የሚታየው» ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአድማጭ የማሰቢያ ጊዜ ሰጥቷል። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ሌላ የት እንደሚያንጠለጥል ቢነገረኝ እታረማለሁ። ያን ምሽት ጋውን ስለካቸው እንዳመሸሁ አሥራ ሁለት ነርሶች መስክረውልኝ ፖሊስ ካሰናበተኝ ቆይቷል። ይሁንና ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ዛሬ ደንበኞቼ ለልኬት ሲቆሙ «አንገቴን ተወው ወንድሜ፣ ኮሌታው ሰፋ ቢል ግድ የለም» ይሉኛል። ሰፈሩ በሙሉ ኮሌታው ሰፍቶበት ይሄዳል።

፪ኛ/ አድማጮች ገዳዩን በስልክ መልእክት እንዲመርጡ መፍቀድዎ ፍርድ ቤቶችን ከብዙ ድካም ያሳርፋል። ባለፈው ሳምንት ከመቶ አርባ አንድ አግኝቼ የቀድሞ እጮኛዋን በጠባብ ልዩነት መርቻለሁ። በተማሪነቴም አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ጎረቤታችን ባለሱቋ «እኔስ አንተን አልመረጥኩም» ብላ አጽናንታኛለች። ማንን እንደመረጠች አልጠየቅኳትም።

፫ኛ/ ባልደረባዎ ቤታችን መጥታ፣ «እማማ» እያለች ከእናቴ ጋር አልቅሳ፣ ገዳዩን ለማግኘት ይረዳል ብላ የእናቴን ስልክ ለሁለት ቀን ወሰደች። «ስጪያት» ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ስምንት ወር። ስንጠይቅ «እየተፈለገ ነው» እንባላለን፤ ገዳዩም እንዲሁ ነው። ስልኩ ላይ እህቴ በመጨረሻ ቀኗ ለእናቴ የላከችው የድምፅ መልእክት ነበር። ዛሬ የፕሮግራማችሁ መክፈቻ ሆኗል፦ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ትንሽ አመሻለሁ፣ ደግሞ…» ትልና የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። ሙሉው ዘጠኝ ሰከንድ እንደነበር አይቻለሁ፤ እናንተ አምስቱን ታሰማላችሁ።

እኔ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም፤ አንጀቴ አልቻለም ነበር። እናቴ ግን በቃሏ ታውቀው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሬዲዮኑን ታቅፋ ትጠብቃለች፤ ላጥፋው ብላት «ልጄን አትዝጋብኝ» አለችኝ። ስለዚህ ፕሮግራሙን አቁሙ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ከወር ወዲህ ደግሞ መልእክቱ እየጠፋባት ነው። ከ«ደግሞ» ቀጥሎ ምን ነበር ስላት፣ የሚመጣላት ሳሙናው ነው።

ለሚሰጡኝ ትኩረት፣ ካለ፣ በቅድሚያ እጅ እየነሳሁ፣

በአድማጮችዎ ድምፅ የተመረጥኩት
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለፕሮግራሙ ድምቀት ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ስቱዲዮ ቀርቤ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ ለማለት ዝግጁ ነኝ። በምትኩ የምለምነው ሳሙናው አራት ሰከንድ ዘግይቶ እንዲገባ ብቻ ነው።