«ኦሚት» ማለት ማውጣት አይደለም

ውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎት? አዲሱ መነጽርስ ተስማማዎት ወይስ አሁንም ጋዜጣ የሚያነብልዎት ሰው ይፈልጋሉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ደስ የሚል ወሬ ስላለኝ ነው።

በምሠራበት ሆስፒታል ወጥ ቤት በእያንዳንዱ ታማሚ ትሪ ላይ የምግብ ካርድ ይቀመጣል። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ ሽማግሌ የመጣው ካርድ በእንግሊዝኛ «ኦሚት» ይልና ከጎኑ እንቁላል ይላል። እኔ ልጅዎ፣ ኦምሌት ሊሉ ፊደል የገደፉ መስሎኝ አሳምሬ ጠብሼ ላክሁላቸው። ደግነቱ የሽማግሌው ነርስ በር ላይ መለሰችው። ሰውየው እንቁላል ከቀመሱ ጉሮሯቸው ያብጣል አሉ። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነርሷ ግን አልተቆጣችኝም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ቃሉን አስረዳችኝ። ኦሚት ማለት አለማስገባት፣ መተው ነው፤ ሰው አስቦ ቢተውም ረስቶ ቢዘልም ያው ኦሚት ይባላል። የገባውን መልሶ ማውጣት ግን ሌላ ቃል አለው። ላለፈ ነገር ሲሆን መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» ትደገማለች ብላ አሥር ጊዜ አስጻፈችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ለአንዲት አራስ ኦቾሎኒ ኦሚት የሚል ካርድ መጣ። ከትከሻው ስፋት የተነሳ «ግንቡ» የምንለው ዋና አብሳይ፣ ከሩዙ ላይ ኦቾሎኒውን በማንኪያ ለቀም ለቀም አደረገና በቃ ውሰጂው አለኝ። ትሪውን ሳላነሳ፣

«ይሄማ ማውጣት ነው። ካርዱ የሚለው ከመጀመሪያውም እንዳይገባ ነው» አልኩት።

ግንቡ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ሩዙን ደፍቶ በንጹሕ ድስት እንደ አዲስ ጣደ። ለካ ሴትዮዋን የኦቾሎኒ ፍርፋሪ እንኳ ትንፋሽ ያሳጣታል። ሩዟን ጥርግ አድርጋ በልታ ባዶ ትሪ መለሰችልን።

ነርሷ ይህን ሰምታ ለኃላፊያችን ነግራው፣ ከሰኞ ጀምሮ ካርድ አንባቢዋ እኔ ሆኛለሁ። እኔ ያላየሁት ትሪ ከወጥ ቤት አይወጣም። ግንቡም ራሱ ካርድ ይዞ እየመጣ «ይሄስ ምን ይላል?» ይለኛል።

እማዬን ጥብቅ አድርገው አቅፈው ሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን፣ ባሏንም ሰላም በሉልኝ፤ ያቺ አልቃሻ ልጃቸው ጥርስ አበቀለች? ወንድሜን ፈተናው ቀንቶህ እንደሆነ ጻፍልኝ ብላሃለች በሉት። ወሬዬን ለጎረቤት ሲያወሩ ደግሞ፣ አባባ፣ ትንሽ ቢያጋንኑት አልቀየምም።

ልጅዎ

ከሆስፒታሉ ሠራተኞች መኖሪያ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን