«ሲሞት ያምጡት» ስለተባለው ግራፊክስ ካርድ፤ ለዋስትና ክፍሉ ኃላፊ

ለተከበሩ የዋስትና አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፤
ካሉበት ቀዝቃዛ ቢሮ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ከራስዎ በላይ የተሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣም ያለ እንከን የሚሠራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ሙቀት የሰውን ኑሮ ምን እንደሚያደርግ ባለፈው ዓመት ጠንቅቄ ስለተማርኩ እንኳን ለእርስዎ ለጠላቴም አልመኘውም። እኔ በመዝገብዎ ላይ «ማኅተም የቀደደች ደንበኛ» ተብዬ የሰፈርኩት ሴት ነኝ። ስሜ ለእናንተ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ አላደክምዎትም።

ሥራዬ ለትምህርት የሚሆኑ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን በኮምፒውተር መሥራት ነው። ታናሽ እህቴ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች፤ እሷም ራሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። ባለፈው ዓመት ሃያ ሦስት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ትልቁን ፈተና የሚወስዱ ነበሩ። የመጽሐፉ ሥዕል አይንቀሳቀስም፤ እህቴ ደግሞ የምትናገረው በእጇ ስለሆነ ሥዕል እየጠቆመች ማስረዳት አትችልም። ስለዚህ እኔ ልብ ደም ሲረጭ፣ ሳንባ ሲነፋ፣ ዘር ሲበቅል በሥዕል እያንቀሳቀስኩ ላሳይ፣ እሷ ከጎኑ ሆና በምልክት ቋንቋ ልታስረዳ ተስማማን፤ በድምሩ ዐሥራ ስምንት ትምህርት። ያንን ግራፊክስ ካርድ ከሦስት ዓመት ዋስትናውና ከሚያምረው ሣጥኑ ጋር ከእናንተ የወሰድኩት ለዚህ ነበር። ሥዕሌን እያሰላ ፊልም የሚያደርግልኝ እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ኮምፒውተሬ ከጽሕፈት መኪና አይሻልም።

ቅሬታ ማቅረብ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። መሥሪያ ቤትዎ ተራ ቁጥር የሌለውን ጽሑፍ እንደማያነብ ስለተነገረኝ ግን፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስላደረጋችሁልኝ ጥንቁቅ ምርመራ አመሰግናለሁ። ካርዱ በሰባተኛ ወሩ ሥራ መሀል ድርግም እያለ መጥፋት ጀመረ፤ ሙቀቱን ባየው ዘጠና አንድ ዲግሪ ደርሷል። አንድ ቀን እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መዳፏን ኮምፒውተሩ ጎን ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ቆየችና በምልክት «ከሦስቱ ማራገቢያ አንዱ ያነክሳል» አለችኝ። ሁለት ጤነኛ ጆሮ ይዤ ወር ሙሉ ያልሰማሁትን እሷ በመዳፏ ሰማችው። ካርዱን ይዤ ወደ እናንተ መጣሁ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አቆያችሁትና ከዚህ ወረቀት ጋር መለሳችሁልኝ፦ «ባለሙያችን በጥሞና አዳምጦታል። ያልተለመደ ድምፅ የለውም። ዕቃው ጤነኛ ነው። በቀዝቃዛ ቦታ ይጠቀሙ።» እህቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ ባለሙያው የእሷ ተማሪ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

2ኛ. ስለ ምክራችሁም አመሰግናለሁ። የምሠራባት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ አንደኛው ግድግዳዋ ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ፎጣ ብሰቅልበት ቁርሴን ሳልጨርስ ይደርቃል። «ቀዝቃዛ ቦታ» ባላችሁት መሠረት ጠረጴዛዬን ወደ ማዶው ግድግዳ ገፋሁ፤ አልሆነም። በሩ ሥር አደረግኩት፤ አልሆነም። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ አውጥቼው ጎረቤቶቼ ባልዲና ልጅ እንደያዙ እየተሻገሩኝ ሁለት ቀን ሠራሁ፤ በሦስተኛው ቀን አከራዬ በትሕትና እንድገባ ነገሩኝ። የቀረኝ ዳቦ ጋጋሪውን ምድጃህን አጥፋልኝ ብሎ መለመን ነበር። የሰው መተዳደሪያ ነውና አፌ አልደፈረም። ዳቦ ቤቱን ወዴት እንዳዛውረው በሚቀጥለው ደብዳቤያችሁ እንደምትጠቁሙኝ አልጠራጠርም።

3ኛ. ለሁለተኛ ጊዜ መጣሁ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛዎ ቅጹን አገላብጣ አየችና፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «ገና እየሠራ እኮ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲሞት ያምጡት» አለችኝ። በሽተኛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የደረሰን ሰው «ቀብሩ ሲደርስ ጥሩን» እንደማለት ነው። ያን ዕለት ለፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ካቀድነው ዐሥራ ስምንት ትምህርት ያለቀው ሰባቱ ብቻ ነው።

4ኛ. እዚህ ላይ ጥፋቴን እናዘዛለሁ።

ካርዱን ራሴ ከፍቼ ልጠግነው አልኩ፤ እህቴ አልተስማማችም። ብሎኑ ላይ የተለጠፈችውን፣ ከጥፍር የማትበልጥ የማኅተም ወረቀት ጠቁማ «ይህቺ ከተቀደደች ዋስትናው አለቀ» አለች። «ሳትቀደድስ ምን ጠቀመችን?» አልኳት። እጃችን እየፈጠነ ሄደ፤ በእጃቸው የሚጣሉ ሰዎች ምን ያህል እንደሚጯጯሁ ማየት ነው። በመጨረሻ ፊቷን አዞረችብኝ። ለእሷ ፊት ማዞር ማለት ጆሮን መድፈን ነውና ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

የሠፈራችን ቆርቆሮ ሠሪ፣ ጋሽ መዶሻ የምንላቸው፣ ለዳቦ ቤቱ የጭስ መውጫ የሠሩ ሰው ናቸው። ጠርቼ አሳየኋቸው። ካርዱን በሁለት እጃቸው እንደ ጫጩት አቅፈው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ ሳንባ እንሥራለት» አሉኝ። ወረቀቷን በቀጭን ቢላ ላጥኳት። የምቀደው ተስፋዬን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሽፋኑ ሲነሣ፣ ሙቀት እንዲያስተላልፍ የተቀባው ቅባት በበጋ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። አንዱ ማራገቢያ በጣት ሲነካ ይወላከፋል፤ እህቴ ያለችው ራሱ። አሮጌውን ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ ማራገቢያዎቻችሁን ፈትቼ ከሞተ የፎቶ ኮፒ ማሽን የወጡ ሁለት ማራገቢያዎች በሽቦ አሠርኩ፤ ጋሽ መዶሻም ትኩሱን አየር በመስኮት የሚያወጣ የቆርቆሮ ቱቦ ሠሩልኝ። መልኩን የእናንተ ንድፍ አውጪ ቢያይ ያለቅስ ነበር። ሙቀቱ ግን ወደ ስድሳ ሰባት ወረደ። እህቴ ቁጥሩን አየች፤ እኔን አየች፤ ኩርፊያዋን ለመተው የምሳ ሰዓት ፈጀባት።

በዐሥራ ስድስት ቀን ዘጠኝ ትምህርት ጨረስን። የልቡን ትምህርት ክፍል ውስጥ ስናሳይ አንዲት ተማሪ ጡጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከሥዕሉ ጋር እኩል ትከፍትና ትጨብጥ ጀመር፤ ወዲያው ሃያ ሦስቱም እንደዚያው አደረጉ። ክቡርነትዎ፣ ያን ክፍል ቢያዩት ኖሮ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቅጽ የሚባለውን ነገር ይረሱት ነበር።

5ኛ. ከዚያ አንድ ቀትር ላይ ስክሪኑ ቀይና አረንጓዴ መስመር ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ ጨለመ። በዚያች ሰዓት ሙቀቱ ስድሳ ስድስት ነበር። ካርዳችሁ ዘጠና አንድ ዲግሪ ላይ ኖሮ ኖሮ የሞተው ቀዝቅዞ ነው። እንደታዘዝኩትም ሲሞት አመጣሁት። የራሳችሁን ማራገቢያዎች መልሼ ገጥሜ፣ የተቀደደችውን ወረቀት በፖስታ አድርጌ። ጋሽ መዶሻ «ምስሏን አሳትመሽ ለጥፊበት፣ ማን ያያል?» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ያደረግኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ እውነት የተናገረን ሰው የሚያዳምጥ አይጠፋም ብዬ። በዚህ ዕድሜዬ!

ካርዱን የመረመሩት ሠራተኛዎ ማን እንደሆኑ አልነግርዎትም፤ ሁሉንም እኩል ይጠርጥሩ። ለክተው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ፣ ለምን ነገሩኝ?» አሉኝ። «የተቃጠለው ኤሌክትሪክ የሚገባበት በኩል ነው፤ ከማቀዝቀዣው ጋር አይገናኝም። በዚህ ወር ብቻ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ስምንተኛው ነው።»

«ታዲያ ይህንኑ ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«ቅጹ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ማኅተሙ አለ ወይስ የለም።»

«የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ብዕሩን ሲያስቀምጡ ቀና ብለው አላዩኝም። ደረጃችሁ ላይ ካርዱን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ ጥበቃችሁ መጥቶ መተላለፊያ እንደዘጋሁ እስኪነግረኝ ድረስ አልተነሣሁም። ከዚያ ወዲህ አራት ደብዳቤ ጻፍኩ። ስልክ ብደውል «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» የሚል የተቀዳ ድምፅ አስተናገደኝ፤ ከሰው ሁሉ ያከበረኝ እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር አይሰጠውም።

ሁለት ትምህርት ቀርቶን ነበር፤ ኩላሊትና ጆሮ። እህቴ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ቆመች፤ እኔ በስልኬ ቀረጽኳት። የጆሮ ታምቡር ሲንቀጠቀጥ ለማሳየት እየደመሰሰች ዐሥራ አራት ጊዜ ሣለችው። በሕይወቷ ሰምታ የማታውቀውን ነገር፣ ሰምተው ለማያውቁ ልጆች፣ በጠመኔ። ጆሮው እንደምንም ተሳካ። ኩላሊቱ ግን እንቢ አለ፤ ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚጣራ በሰሌዳ ላይ ተደበላለቀ፤ ልጆቹም እንደገባቸው ለማስመሰል እየነቀነቁ ወጡ፤ ለእሷ አዝነው።

ፈተናው መጣ፤ ውጤቱም መጣ። ዐሥራ ዘጠኙ አለፉ፤ አራቱ ወደቁ። አራቱን በእናንተ አላመካኝም፤ ፈተና ነው፣ ሰው ይወድቃል። ነገር ግን አንዷ የወደቀችው በአንድ ነጥብ ነው፤ በኩላሊት ላይ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ነበር። እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ እህቴን «አሁን ልጄን ምን ላድርጋት?» ብላ ጠየቀቻት፤ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። እህቴ እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። እኔም የምተረጉመው አጥቼ በሁለቱ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ዘንድሮ ሃያ ስድስት ተማሪ ገብቷል፤ መጽሐፉም ተለውጧል፤ ትምህርቱን ከሀ ጀምረን መሥራት አለብን። ኮምፒውተሬ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እህቴ ስለ ካርዱ መጠየቅ አቁማለች፤ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ በሌላ ሥራ ላይ ሳለሁ እንኳ እጄ ሳላስበው ኮምፒውተሩን ለማብራት ይዘረጋል፤ ከዚያ ትዝ ይለኛል።

ለአንድ አፍታ ጨዋታውን ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎን። ከሠራተኞችዎ አንዱ ካርዱን ከፍቶ የተቃጠለው የት እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍርልኝ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ከተገኘ አፌን ይዤ እሄዳለሁ። ወረቀት ተቀደደ ማለት ግን የኤሌክትሪኩ መግቢያ ለምን ተቃጠለ ለሚለው መልስ አይደለም፤ ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን የእህቴ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችም ያውቁታል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ትዕግሥትዎ እንደ ደንባችሁ የማይበገር እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከክፉ ሙቀትና ከመሰል ደንበኞች ሁሉ ይጠብቅዎት ዘንድ እየጸለይኩ እሰናበታለሁ፤

የዳቦ ቤቱ ጎረቤት፣ የሳይንስ መምህርቷ ታላቅ እህት፣
ያደረገችውን ሁሉ በገዛ አፏ የተናዘዘች ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳልነሣ ከመሥሪያ ቤትዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ። «ውድ ደንበኛችን፤ ታማኝነትዎን በማክበር የግራፊክስ ካርድዎን ዋስትና ለተጨማሪ ሁለት ዓመት እንዲያራዝሙ ጋብዘንዎታል» ይላል። ለእህቴ አሳየኋት። ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ስቃ የማታውቀው ልጅ ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ከእናንተ ዘንድ ከወሰድኩት ሁሉ የሠራልኝ እሱ ብቻ ነው።