ልጄን ከልጅነቱ እንድሰርዘው በትሕትና ለጠየቀኝ መሥሪያ ቤት

ለተከበሩ የወላጆች ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎና ለዓይንዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ወገብዎን ያነሳሁት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሰው መመለስ ወገብ ሳይጎዳ አይቀርም ብዬ ነው፤ እኔ ቆሜ የኖርኩ ፀጉር አስተካካይ በመሆኔ የሚያስቸግረኝ እግሬ ብቻ ነው። ዓይንዎን ያነሳሁበት ምክንያት ዝቅ ብሎ ይመጣል።

ስሜን ማስታወስ አይጠበቅብዎትም፤ የሰጣችሁኝ የማመልከቻ ቁጥር ከስሜ ይረዝማል። ሚስቱ የሞተችበት፣ እናንተ አገር የምትኖር ነርስ ልጅ ያለችው፣ የቀረችውን ዕድሜ ከእሷና ከልጇ ጋር ለመኖር የጠየቀው ሽማግሌ ነኝ። የልጅ ልጄ እኔን የምታውቀኝ ስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው አድርጋ ነው። በቀደም እናቷ ስልኩን ቻርጅ ላይ ስትሰካ አይታ «ለአያቴ ምሳ እየሰጠሽው ነው?» ብላ ጠይቃታለች።

የዛሬው ደብዳቤዬ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎት እንደ መሥሪያ ቤታችሁ ወግ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

1ኛ. ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። ማመልከቻዬን ባስገባሁ ዕለት «ልጆች» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አንጠልጥዬ ያየችኝ የመስኮቷ ሠራተኛችሁ፣ አንድም ሳልደብቅ ሁሉንም እንድጽፍ፣ እውነቱን የጻፈ ሰው እዚህ ቤት እንደማይጎዳ በለሰለሰ አንደበት ነገረችኝ። በጎረምሳነቴ እንኳ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቃል የነገረችኝ ሴት ስላልነበረች አመንኳት። ሁለት ልጆች ጻፍኩ። አንዷ ነርሷ ናት። ሌላው እዚሁ ከእኔ ጋር የሚኖረው፣ የፀጉር ቤቱን ሥራ ከእጄ የተረከበው፣ ቃል ቆጥቦ ስለሚናገር ሰፈሩ ሁሉ «ጭምቱ» የሚለው ወንድሟ ነው።

ከጭምቱ ጋር ላስተዋውቅዎ። አባቱ ጎረቤቴ የነበረ ግንበኛ ነው፤ ጭምቱ ገና ሳይወለድ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ሞተ። እናቱም ከወሊድ አልጋዋ ሳትነሳ ቀረች። ሚስቴ ያን ጊዜ ነርሷን ታጠባ ስለነበር ሕፃኑን ከዚያ ቤት ታቅፋው መጣችና ሌላውን ጡቷን ሰጠችው። ኮሚቴ አልተሰበሰበም፤ ቃለ ጉባኤም አልተያዘም። ከሥራ ስገባ አንድ የነበረው ልጄ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። እራቱ ይበቃን እንደሆነ ብጠይቃት «አንተ ትቀንሳለህ» አለችኝ፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ።

2ኛ. ስለ ሒሳብ ችሎታችሁ አመሰግናለሁ። ደንባችሁ የሚያስገባው ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናንተ ዘንድ የሚኖሩለትን ወላጅ ብቻ ነው። የእኔ ሁለት ናቸው፤ አንዷ እዚያ፣ አንዱ እዚህ። ግማሽ ደግሞ ከግማሽ አይበልጥም። ይህንን ለማስረዳት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ድረስ ስላደከምኳችሁ አፍሬያለሁ።

3ኛ. ስለ ትውስታችሁ ግን ምን ብዬ እንደማመሰግን ጨንቆኛል። ነርሷ ያገባች ጊዜ እኔ ከታመመችው ሚስቴ አጠገብ መራቅ ስላልቻልኩ፣ ጭምቱ በእኔ ምትክ እህቱን ሊድር ለአጭር ጉብኝት አመልክቶ ነበር። ያመለከተውም ለዚሁ ለእናንተው መሥሪያ ቤት ነው። አመልካቹ ከሙሽራዋ ወላጆች ያልተወለደ በመሆኑ ወንድምነቱ አልተረጋገጠም ብላችሁ መለሳችሁት። ለሠርጉ ያሰፋው ሙሉ ልብስ ነበረው። የሠርጉ ቀን እሱን ለብሶ ፀጉር ቤት ገባና ሰው ሲላጭ ዋለ፤ የመጣው ደንበኛ ሁሉ የማን ሠርግ እንደሆነ ሲጠይቀው «የእህቴ» እያለ ሥራውን ይቀጥል ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይኸው ሰው ወደ እናንተ ሊገባ ሲል ባዳ ነው፤ እኔን ለማስቀረት ሲፈለግ ግን ልጄ ሆኖ ይቆጠራል። ዓይንዎን እግዜር ይጠብቅልኝ ማለቴ ለዚህ ነው፤ አንድን ሰው በአንዱ ዓይን ባዳ፣ በሌላው ልጅ አድርጎ ማየት ሳያደክም አይቀርም።

4ኛ. ስለ ደግነታችሁ። ባለፈው የላካችሁልኝ ሁለተኛ ደብዳቤ መፍትሔ ይዞልኝ መጣ። አብሮት የተያያዘውን ቃል ብፈርም፣ ማለትም ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ ልጄ እንዳልሆነና በስህተት እንደጻፍኩት ባረጋግጥ፣ ጉዳዬ እንደገና ይታይልኛል።

ዓይኔ ትንንሽ ፊደል እምቢ ካለኝ ቆይቷልና ደብዳቤዎቼን የሚያነብልኝ ጭምቱ ነው። ስለዚህ ልጄ አለመሆኑን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበልኝ ራሱ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ ነበርን፤ ወንበሩ ላይ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ደንበኛ ተቀምጦ ነበር። ጭምቱ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ መስታወቱ ሥር አኖረው፤ ምላጩን ጠረገና «ፈርም፣ አባዬ። ለእኔ ምንም አይደለም» አለኝ። የደንበኛውንም ጉንጭ መላጨት ቀጠለ።

አንጀቴን የበላው ፈርም ማለቱ አይደለም፤ ለማለት አለመዘግየቱ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ይህንኑ ይነግረኛል ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ መልሱን አዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ሚስቴና እኔ ያንን ፍርሃት ከሆዱ ለማስወጣት ዕድሜያችንን ፈጅተናል፤ ወጥቷል ብለንም ነበር። እናንተ በአንድ ገጽ መልሳችሁ አስገባችሁት። በሌላ ጉዳይ እንዲህ ስትፈጥኑ አይቼ አላውቅም።

ለነርሷም ደወልኩላት። በእናቷ ቁጣ የወጣች ናትና ከእኔ ብሳ ትንጨረጨራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «አባዬ፣ ወረቀት እኮ ነው። ፈርመህ ና» አለችኝ። ይህች በልጅነቷ ወንድሟን «የተጣለ» ብሎ የሰደበውን ልጅ ጆሮ ነክሳ፣ እኔን ከተነከሰው ልጅ አባት ጋር ያጣላችኝ ልጅ ናት። አልተቆጣኋትም። ሌሊት በሽተኛ ስታገላብጥ ታድራለች፤ ጠዋት ልጇን የሚይዝላት ሰው የላትም። እንዲህ ያናገራት ናፍቆት ነው፤ በናፍቆቷ በኩል ገብታችሁ ወንድሟን ያስካዳችኋት ግን እናንተ ናችሁ። ከምስጋናዬ ሁሉ ትልቁን ለዚህ አስቀምጫለሁ።

5ኛ. አልፈርምም። ወረቀታችሁን እንደመጣ መልሼዋለሁ። መምጣቱን ሳልፈልገው ቀርቼ እንዳይመስልዎ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ራስ ሳበጥር ኖሬ የልጅ ልጄን ፀጉር አንድ ቀን በእጄ አልነካሁም፤ ይህን ሳስበው ቀልዱ ሁሉ ይጠፋብኛል። ጭምቱ ኋላ ትጸጸታለህ ብሎኛል። እጸጸታለሁ፤ አልዋሸሁትም። ነገር ግን ያንን ቃል ፈርሜ ብመጣ፣ ያቺ ሕፃን አድጋ አጎቷ የት እንዳለ ስትጠይቀኝ የምመልስላት የለኝም፤ የእናንተን ደብዳቤ ላነብላት ደግሞ ዓይኔ አይችልም።

መሥሪያ ቤታችሁን ጨርሶ እንዳያስቀይም ተጠንቅቄ በጻፍኩት በዚህ ደብዳቤ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የሥራ መቃናትን፣ ለመስኮቷ ልጅም የተሻለ መስኮትን እየተመኘሁ፣ እግሬን እያሻሸሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሁለት ልጆች አባት፣
ፀጉር አስተካካዩ

ማሳሰቢያ፦ በደብዳቤያችሁ ግርጌ የልጆቼ ብዛት ለውጥ ካሳየ እንደገና ማመልከት እንደምችል ገልጻችሁልኛል። ነገሩን በጥሞና አሰብኩበት። ልጅ መጨመር በእኔ ዕድሜ ባይቻል እንኳ መሞከሩ አይጠላም ነበር፤ ግን እዚህ ስለሚወለድ ሒሳባችሁን ያባብሰዋል። የቀረው መቀነስ ነው። ነርሷ ብትቀነስ ወደ እናንተ የምመጣበት ጉዳይ የለኝም። ስለዚህ እናንተ ከጨዋነታችሁ የተነሳ ያልጻፋችሁት፣ እኔ እንድጠብቀው የተመከርኩት ለውጥ አንድ ብቻ መሆኑ ገብቶኛል። እንግዲያው መዝገባችሁ እንዲሟላ ያህል ላስታውቅዎ፦ ልጄ ጭምቱ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ አያለከልክም፤ ጉንፋን እንኳ አይደፍረውም። ስላሳዘንኳችሁ ይቅርታ።