የልጄን መድኃኒት ፀሐይ ላይ ላሰጡልን ክቡር አዛዥ

ከሚሴ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰንበቴን አለፍ ብሎ አስፋልቱ ላይ ለተወጠረው ገመድ አዛዥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

የአላህ ሰላም በእርስዎም፣ በጓዶችዎም፣ ገመዱን ባሰራችሁባቸው በሁለቱ ግራሮችም ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? በዚያ ቆላ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ለራስ ምታት ስለሚዳርግ፣ ውሃ አብዝተው እንዲጠጡ፣ ቀትር ሲሆንም ጥላ እንዲፈልጉ በትሕትና እመክራለሁ። ጥላ የሚለውን ቃል ማንሣቴ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘሊካ ሙሐመድ እባላለሁ፤ ከሚሴ የምኖር ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወፍጮ ቤት እንኳ ተራዬን ሌላ ሰው ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ግንቦት 14 ቀን ረፋድ ላይ ከሚኒባስ ካስወረዷቸው አሥራ አራት ሰዎች መካከል ወረቀት ያነበብሁልዎ እኔ ነኝ። ስምዎንም ሆነ ወገንዎን አላውቅም። ገመዱ ላይ አልተጻፈም፤ ስድቡም ማንም ቅር እንዳይለው በአካባቢው በሚነገሩት በሁለቱም ቋንቋዎች ስለነበር ከዚያ መለየት አልቻልሁም። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁትም አድራሻዎ ገመዱ ብቻ ስለሆነብኝ ነው።

ልጄ ሳጂዳ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። በመጋቢት ወር አንገቷ ሥር ያበጠው ንፍፊት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። አዲስ አበባ ያለችው ሐኪሟ፣ የካንሰሩ መድኃኒት ሕይወቷን ሊያተርፍላት፣ ዘሯን ግን አብሮ ሊያቃጥልባት እንደሚችል ነገረቻት። ስለዚህ ያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የእናትነት እንቁላሏ ተወስዶ በበረዶ ይቀመጥላት ተባለ። ለዚህ የተፈቀደላት ጊዜ ሁለት ሳምንት ነበር። የአንገቷ እብጠት ከዚያ በላይ አይጠብቅም።

ከሕክምናው ቦታ አንድ ወረቀት ሰጡን፤ ርእሱ «ለእንቁላል ማቀዝቀዝ ሕክምና ሲዘጋጁ ምን ይጠብቁ?» ይላል። ጥሩ ወረቀት ነው። ነገር ግን የጻፉት ሰዎች መንገዳችንን ስለማያውቁት በእኛ በኩል ምን እንደሚጠበቅ ሳይጨምሩበት ቀርተዋል። ጉድለቱን እርስዎ ስለሞሉልን ምስጋናዬን በወረቀቱ ተራ ቁጥር መሠረት አቀርባለሁ።

፩. ወረቀቱ «መርፌው ለአሥር ቀን ያህል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከእምብርት በታች ይሰጣል፤ በመካከል ከተቋረጠ የተጀመረው ሁሉ ይከስማል» ይላል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ከቤት ተወግታ በስድስተኛው ለምርመራ አዲስ አበባ መድረስ ነበረባት። የወጋኋት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ መግሪብ ሲል። ሳጂዳ ቀሚሷን ሰብስባ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «እማ፣ አምስት ሲደመር አምስት ስንት ነው?» ትለኛለች፤ እኔም «ልጅ» እላታለሁ፤ «ወድቀሻል፣ ድገሚ» ትለኛለች። አምስት ተወግታ አምስት ብልቃጥ ሲቀር ጉዞ ጀመርን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፋይዛ የክትባት መያዣ ሳጥን በበረዶ ሞልታ አዋሰችን።

ገመድዎ ዘንድ የደረስነው በዚህ ሁኔታ ነው። ሳጥኑን ሲያዩ ለማን ቁስለኛ እንደምናመላልስ ጠየቁ። ሾፌራችን ሙኒር «ጌታዬ፣ የሴት መድኃኒት ነው» አለ። ስላልተጠየቀ በሰደፍ አፉን መቱት። ሦስት ጥርሶቹን ከአፈር ለቅሞ በሸሚዝ ኪሱ ከተተ። ሰውየው ቀልደኛ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳፋሪ በጣት እየቆጠረ ያሳፍራል፤ ትንፋሽ ይቆጥብለታል ማለት ነው፣ ወሬ ስለማይበዛ። ስለ ሾፌራችን ጸጥታ አመሰግናለሁ።

፪. «መድኃኒቱ ከሙቀት ይጠበቅ፤ ፀሐይ ካገኘው ከጥቅም ውጭ ይሆናል» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ባለቤቴ አደም የስኳር ሕመምተኛ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም። መድኃኒት ቤቱ ከመርፌው ጋር ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፤ ጎረቤታችን ከማል በሱቁ ፍሪጅ እንዳስቀምጥ ፈቀደልኝ። ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን መባሉን ሰምቻለሁ፤ ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ከላይ ከበረዶው ክፍል ከተትሁት። ወረቀቱ በግልጽ አማርኛ «በረዶ እንዲሆን አይደረግ» ይል ነበር። መድኃኒቱ ረግቶ ኃይሉን አጥቶ ኖሮ፣ እኔ በየቀኑ ውሃ ስወጋው ቆይቼ፣ አደም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ሳጂዳ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በእሷ የፊደል ደብተር ማንበብ ተማርሁ፤ መጀመሪያ ያነበብሁትም ያንን ወረቀት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማነበው ነገር ላይ አንዲት መስመር መዝለል አልችልም።

ክቡር አዛዥ፣ ወረቀቱን ስሰጥዎ «ዓይኔ አቧራ ገብቶበታል፤ አንቺ አንብቢው፤ ሁሉም ይስማ» አሉኝ። አነበብሁ። የልጄን ማኅፀን፣ የወር አበባዋን ቀን፣ ገና ያላገባች መሆኗን፣ በአሥራ ሦስት መንገደኛና በዘጠኝ ጠብመንጃ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ከጓዶችዎ አንዱ «እንቁላል በበረዶ? ዶሮዋን ለምን አላመጣሽም?» ሲል ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ ሳጂዳ መሸፈኛዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። መንገደኞቹ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ስለ ፀሐይ የምትናገረው መስመር ላይ ስደርስ ልዘላት እችል ነበር፤ ባልነቃችሁብኝም ነበር። አልዘለልኋትም። እርስዎም በጥሞና ካዳመጡ በኋላ አምስቱን ብልቃጥ አንድ በአንድ አውጥተው፣ እህል እንደሚያሰጣ ገበሬ ረድፍ አስይዘው፣ የሚኒባሱ ኮፈን ላይ አሰጡልኝ።

ባሌን የገደልሁት ባለማንበቤ ነበር። የልጄን መድኃኒት እንዴት እንደሚያጠፉት ያስተማርሁዎ ደግሞ በማንበቤ ነው። በትኩረት ያዳመጠኝ ሰው በሕይወቴ ጥቂት ነውና ለዚህም አመሰግናለሁ።

፫. «ጭንቀት ይቀንሱ» ይላል። ፈንጂ አለመኖሩን ለማረጋገጥ በረዶው ብቻ የቀረበትን ሳጥን ሰባት ጊዜ ተኮሱበት። እኛን በመስመር አስቀምጠው፣ ከጀርባችን፣ ጥይቱ በማን ላይ እንደ ተተኮሰ እንዳናውቅ። በረዶው ቀልጦ በአስፋልቱ ሲፈስ ከሰንበቴ ገበያ የሚመለሱ ፍየሎች መጥተው ላሱት። ከዚያ ወዲህ ጭንቀት የሚባል ነገር የለብኝም፤ ሊደርስ የሚችለው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁና።

፬. «እንቁላል የሚያፈሩት እጢዎች በዚህ ጊዜ ስለሚያብጡ ሆድዎን ከምት ይጠብቁ» ይላል። ይህንንም አንብቤልዎ ነበር። ሳጂዳ ብልቃጦቹን ለማንሣት ወደ ኮፈኑ ስትራመድ እርስዎ ራስዎ በሰደፍ መቷት፤ ወረቀቱ ባመለከተው ቦታ፣ ከእምብርት በታች በስተግራ። ትንፋሽ አጥሯት አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ሳነሣት «እማ፣ መርፌውን በዚህ በኩል እንዳትወጊኝ» ብቻ አለችኝ። ብዙ ሐኪሞች ያጡትን ቦታ በአንድ ምት ማግኘትዎን አደንቃለሁ።

፭. «ከጎንዎ የሚቆም አንድ ሰው ይዘው ይምጡ» ይላል። እኛ አልያዝንም ነበር፤ ያገኘነው እዚያው ነው። አጠገቤ የተቀመጠው የባቲው የከብት ነጋዴ አብዱሰላም ከዚያ ቀን በፊት አይቶን አያውቅም። ሕክምናውም ምን እንደሆነ አልገባውም። ወደ እኔ ሳይዞር «እቴ፣ ለልጅ ነው?» አለኝ። «ኢንሻአላህ» አልሁት። «አብሽሪ» አለኝ።

ከዚያ ውዱእ ላድርግ ብሎ ለመነ፤ እንደ ፈቀዱለት አስታውሳለሁ፣ ይህን ያህል ደግ ነዎት። በኮዳው ውሃ ታጥቦ የቀረውን ኩታው ላይ አፈሰሰና እርጥቡን ኩታ ኮፈኑ ላይ ዘረጋው። «ምን ታደርጋለህ?» ብለው ሲጮኹበት «ልብሴ ይድረቅልኝ ብዬ ነው፣ አባቴ» አለ። አባቴ ያለዎት ሰው ሥልሳ ዓመት አልፎታል። ጭኑን በጥይት መቱት። ከወደቀ በኋላ ደም የነካውን ኩታ ማንም ሊያነሣው አልወደደም፤ ስለዚህ ኩታው ከቀትር በኋላ እስካለው የዐስር ሶላት ድረስ እዚያው ዋለ። ደሙ በሻሽ ቢታሰርም አልቆመም። ገመዱን ፈትተው ሲለቁን እኛ ሚኒባሱ ውስጥ ጫንነው፤ ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ ሞተ። ኩታው ያልደረሰባቸው ሦስቱ ብልቃጥ እንደ ሻይ ፈልተው ነበር። ከኩታው ሥር የነበሩት ሁለቱ ቀዝቃዛ ነበሩ።

መግሪብ ሲል ከሬሳው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ በቀኝ በኩል፣ የስድስተኛውን ቀን መርፌ ወጋኋት። በማግሥቱ አዲስ አበባ የሰባተኛውን። ያ መድኃኒት ያን ሰሞን በሕክምናው ቦታ አልቆ ነበር፤ ሌላ ተፈልጎ የተገኘው በስምንተኛው ቀን ነው። ሐኪሟ ሁለቱ ብልቃጥ ባይኖሩ ኖሮ ሁሉም በዚያው ከስሞ ይቀር እንደነበር ነገረችን። በመሣሪያ ስታየው በግራና በቀኝ አሥራ አንድ እያደጉ ነበር። በግራ በኩል ያሉት ከምቱ የተነሣ ደም ስለ ቋጠረባቸው ሊነኩ አልቻሉም። ከቀኙ ሁለት ተገኙ።

ሁለት እንቁላል፣ ክቡር አዛዥ፣ እርስዎ ሊደርሱበት በማይችሉት ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሐኪሟ ሁለት ብዙ ተስፋ እንዳልሆነ ሳትደብቅ ነግራናለች። ሳጂዳ ግን «እማ፣ ሁለት ከዜሮ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ የሚያሰላ ሒሳብ እስካሁን አልተገኘም» ትለኛለች። የካንሰሩ መድኃኒት ተጀምሯል፤ ፀጉሯ ትራሷ ላይ ይቀራል፤ እኔ እለቅመዋለሁ። ኩታውን አጥቤ ባቲ ለአብዱሰላም ባለቤት ለሀዲጃ ወሰድሁላት። ስለ ሁለቱ ብልቃጥም ነገርኋት። ኋላ ኩታውን አጥፋ ጭኔ ላይ አኖረችና «ልጁ ይታቀፍበት፤ ካልመጣም አንቺ ልበሺው» አለችኝ።

ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ለሚያልፉ ሴቶች ከሕክምናው ወረቀት ጋር ይህ ደብዳቤ እንዲሰጣቸው ጠይቄያለሁ፤ ምን እንደሚጠበቅ አውቀው ይዘጋጁ ዘንድ።

የሰደፍዎ እንጨት እንዳይሰነጠቅ፣ ዓይንዎ ከአቧራ እንዲጠራ፣ ዕድሜዎም ያደረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ ለማስታወስ እንዲበቃ ዱዓ እያደረግሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የሳጂዳ እናት፣ የአደም ሚስት፣ የወረቀቱ አንባቢ
ዘሊካ ሙሐመድ

ማሳሰቢያ፦ አቧራው ዛሬም ከዓይንዎ ካልወጣ ይህን ደብዳቤ በጓዶችዎ ፊት ሌላ ሰው ያነብልዎታል፤ እባክዎን ሲያነብ ፊቱን ይመልከቱ። ገመዱን ከመፍታትዎ በፊት እኔን ብቻ ከሚኒባሱ ኋላ ወስደው፣ ከእኔም ባነሰ ድምፅ፣ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር፤ የዚያን ጊዜ አልመለስሁልዎም። ስለ የትኛዋ ሴት እንደ ጠየቁኝና ስንት ዓመት እንደ ጠበቀች እዚህ አልጻፍሁም፤ አንባቢዎ እንደኔ መስመር መዝለል የማይችል ሰው ቢሆንስ ብዬ ነው። መልሱ ግን አዎ ነው፤ ሕክምናው አላህ ልጅ ላልሰጣትም ሴት ይረዳል፣ እዚያው ቦታ ይሰጣል። መርፌው በየቀኑ ነው፤ መድኃኒቱ በበረዶ ይያዛል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ይጠንቀቁ። መንገዱም አንድ ብቻ ነው፤ ገመድዎ የተወጠረበት።