ከእንጨቱ መሃል ያለው ጭቃ

ፋርስታ፣ ስቶክሆልም
መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ ክረምቱን እንዴት አለፈው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ የሥነ ሕንፃ ትምህርቴም ወደ ማለቁ ነው።

ወንድሜ የጻፈልኝ ነገር ግን አላስተኛኝም። ሰዉ ሁሉ ብሎኬት ብሎኬት ስላለ፣ የጭቃ ቤት ዘመኑ አለፈ ብለው መጥረቢያዎን ሰቀሉ አሉ። አባባ፣ እኔ የምኖርበት ሰፈር ሕንፃው ሁሉ ሲሚንቶ ነው፤ በዕድሜ ግን ሁሉም ከእኔ ያንሳል። አሁን ያየሁትን ልንገርዎ።

ሐምሌ ላይ አስተማሪያችን አሮጌ ቤት ሊያስለካን እንግሊዝ አገር ወሰደን። ቤቱ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ቋሚውና ወጋግራው እንደ ወይራ የጠነከረ እንጨት ነው፤ በእንጨት ችንካር ተያይዞ አንድ ሚስማር የለበትም። ፎቁ ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ መንገዱ ብቅ ብሏል። በጓሮ በኩል ግን አንዱ ግድግዳ ተፈርፍሮ ወድቋል። ጠጋ ብዬ ባይ ማገር ነው፤ በላዩም ጭድ የገባበት ጭቃ። ሳቄ መጣ።

ባለቤቲቱ ባልቴት በሲሚንቶ ልታስደፍነው ግንበኛ ጠርታ ነበር። ሲሚንቶ ውሃውን አፍኖ እንጨቱን እንደሚያበሰብሰው፣ ጭቃ ግን እንደሚተነፍስ ነገርኳት። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ።

«አባቴ» አልኳት። «ቤት ሠሪ ናቸው።»

«እንግዲያው አንቺው ሥሪው» አለችኝ።

ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ሌሎቹ ቆመው ሲያዩኝ፣ ኒልስ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ ሱሪውን ሰብስቦ ተከተለኝ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስት ቀን ረግጠን አቡክተን በአራተኛው መረግነው፤ ሳይሰነጠቅ ደረቀ። ባልቴቲቱ በመዳፏ እየዳሰሰችው ለአባትሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ ብላለች።

ስንመለስ አስተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌ በእርስዎ አሠራር ላይ እንዲሆን ፈቀደልኝ። አሥር ጥያቄ ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ወንድሜ ያንብብልዎ፤ መልሱንም ከአፍዎ እንደወጣ ይጻፈው፣ እንዳያሳምርብኝ።

ኒልስ ግን ጥያቄው አሥራ አንድ ነው ይላል። የመጨረሻው በደብዳቤ የሚጠየቅ አይደለም ብዬው፣ በጥር መጥቶ ፊትዎ ቆሞ ሊጠይቅዎ ቆርጧል፤ እስከዚያው አማርኛ እያጠና ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ይንገሩልኝ፦ ጭቃ የማይጸየፍ ሰው ነው።

ዕድሜዎን እንደ ተከሉት ምሰሶ ያጽናልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ