በመዝገቡ ላይ የተገኘው አንድ አንባቢ

ለተከበሩ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጽሑፎች ክፍል ስለሚዘጋልን ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎ እጸልያለሁ፤ በሳምንት አራት ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው ከወገቡ በቀር ምኑም አይደክምምና። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ዓይኔ ዛሬም ክር በመርፌ ያሾልካል።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የተማሪዎቻችሁን የመመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩት፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ሙጫ» የሚለኝ ሰው ነኝ። እርስዎም ተማሪ ሳሉ እንደዚያው ይሉኝ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ሳታውቁት። ሙጫ እስኪደርቅ ድረስ ሰው ምን ይሠራል? ያነባል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስለ ሥልጣን ክፍፍል፣ ስለ ምርጫ ሥርዓትና ስለ ፓርቲዎች ጠባይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ያህል ጥራዝ አነበብኩ። ማዕረግ አልተሰጠኝም፤ ቢሰጠኝ ኖሮ ለማንበብ ጊዜ አላገኝም ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እኔ መናገር ስጀምር ዝም ይላል። ስለዚህ በየማለዳው ወደ ጽሑፎቹ ክፍል እየመጣሁ፣ በመስኮቱ አጠገብ በምትወላገደው ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ ምሳ ሰዓት አነብ ነበር። «ነበር» ማለቴ፣ የዛሬ አሥራ አራት ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ስላስለጠፉ ነው። ማስታወቂያው በመጪው ሰኞ ጥራዞቹ በሙሉ ከመደርደሪያ ወርደው ስካን እንደሚደረጉ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ እንደሚወገድ፣ ክፍሉም «የዜጎች ተሳትፎ ጥናት ማዕከል» ተብሎ እንደሚከፈት ያበሥራል። ይህን ያህል ከተደከመልን ማመስገን ግዴታዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እናንተ ዘንድ ያልተቆጠረ ነገር እንደማይታይ ከጽሑፎቻችሁ ተምሬአለሁና።

፩. ስለ በሩ አመሰግናለሁ። የዜጎች ተሳትፎ ማዕከል ሊከፈት ሲል መታወቂያ ካርድ የሌለው ዜጋ እንዳይገባ በሩ ላይ ማሽን መትከላችሁ ትልቅ አርቆ አሳቢነት ነው፤ ዜጋው ራሱ መጥቶ ጥናቱን ቢያበላሽባችሁስ? በመጀመሪያው ቀን ጥበቃው፣ አሥራ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ሰላምታ የተለዋወጥነው ሰው፣ ከማሽኑ ወዲያ ቆሞ «ጋሼ፣ እኔማ አውቅዎታለሁ፤ ማሽኑ ነው የማያውቅዎት» አለኝ። «እንግዲያስ አስተዋውቀና!» ስለው ሳቀ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ሰውዬው በእኔ ምክንያት እንዲሸማቀቅ ስላልፈለግሁ ከዚያ ወዲህ ወደ በሩ ተመልሼ አልሄድኩም።

፪. ስለ ጥናቱም አመሰግናለሁ። ውሳኔው በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ለመሆኑ ማስታወቂያው ሲመሰክር፣ በኮሚቴው ማጣራት መሠረት ባለፉት ሦስት ዓመታት በመዝገቡ ላይ የተገኘው አንባቢ «አንድ ብቻ፣ ይኸውም የተቋሙ አባል ያልሆነ» ነው ይላል። ክቡር ሆይ፣ ያ አንድ እኔ ነኝ። በኮሚቴ ጥናት ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቶች «አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» ይላሉ፤ እናንተም በትምህርታችሁ አንድ ሰው ናሙና አይሆንም ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ብቻ ከዚያው መደርደሪያ፣ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚል ነገርም አንብቤ ነበር፤ የትኛው ጥራዝ ላይ እንደሆነ አሁን ገብቼ እንዳላረጋግጥ ማሽኑ ከለከለኝ።

፫. ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ስካን የሚደረገው ከመግቢያ እስከ መደምደሚያ ያለው ብቻ ሆኖ፣ የምስጋና ገጾች እንዲቀሩ መወሰኑን አይቻለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይብዎ። እኔ ሁልጊዜ የማነበው ከምስጋናው ጀምሬ ነው። የተቀረው ክፍል ውስጥ ጸሐፊው «እንደሚታወቀው» እያለ ከሰው ጀርባ ይደበቃል፤ ምስጋናው ላይ ግን ብቻውን ይቆማል። አንዱ እናቱ እርሻዋን ሸጣ እንዳስተማረችው ይነግረኛል። አንዷ ጽሑፉን ስትጨርስ ሊያይላት ቀጠሮ የያዘ እጮኛዋ እንዳልደረሰ ጽፋለች፤ ለምን እንዳልደረሰ አልጻፈችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም፣ ሽፋኑን ግን ከሌሎቹ ይልቅ አጥብቄ ሰፋሁላት። ሁሉም አማካሪውን ያመሰግናል፤ «ያለ እርሳቸው ያልተቆጠበ ድጋፍ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብኩ ብነግርዎ አማካሪዎቹ ራሳቸው ያፍራሉ። ጠራዡን ያመሰገነ ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም የእህቴ ልጅ ናት።

፬. ስለ እህቴ ልጅ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እናንተ ዘንድ መምህርት ናት፤ ሦስት ኮሚቴ ላይ ስላስገቧት ያውቋታል። አራት ኮርስ ታስተምራለች፣ መቶ ሰማንያ የፈተና ወረቀት ታርማለች፣ ለደረጃ እድገቷ ደግሞ በዓመት ሁለት ጥናት ታሳትማለች። ምሳዋን ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ ነው የምትበላው። ስደውልላት «አጎትዬ፣ ክፍል ልገባ ነው» ትለኛለች። እሑድ ስደውልም ክፍል ልትገባ ነው። ባለፈው፣ ተቋማት ዜጋን ስለማይሰሙበት ምክንያት ያሳተመችውን ጥናት ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ድምሩ እንዳልሞላ ልነግራት ደወልኩ። «ውይ አጎትዬ! የእውነት አነበብከው? ከእኔና ከገምጋሚዎቹ በቀር ማንም ያየው አልመሰለኝም፤ ገምጋሚዎቹንም እጠራጠራለሁ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ትክክለኛውን ድምር አስጻፍኳት። ትንሽ ቆይታ ክፍል ገባች።

በምስጋናዋ ገጽ ላይ የጻፈችው «ማንበብን በሙጫ ሽታ መካከል ላስተማረኝ አጎቴ» የሚል ነው። ጥራዙ አራተኛው መደርደሪያ ላይ ከግራ ዘጠነኛው ነው። እኔ በመጽሐፍ ውስጥ ያለሁት እዚያ ብቻ ነው። ሰኞ ይወገዳል።

፭. በመስኮቱ አጠገብ የነበረችውን ወንበር የት እንዳደረሷት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ አመሰግናለሁ። አንድ እግሯን በካርቶን የደገፍኳት እኔ ነኝ፤ ካርቶኑ ከወጣ ማንንም አትሸከምም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ማዕከሉን አቁሙ አልልም፤ ሪባኑ ተገዝቷል ሲባል ሰምቻለሁ። የምለምነው ሰኞ እስኪደርስ ሌት ተቀን እንድሠራ በሩን ከፍተው ከነመርፌዬና ከነወስፌዬ እንዲያስገቡኝ ነው። የምስጋና ገጾቹን ሳልቀድ፣ ስፌታቸውን እየፈታሁ አወጣቸዋለሁ፤ ከዚያም በአንድ ላይ እጠርዛቸዋለሁ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰው ሲያመሰግን የሚውልበት መጽሐፍ ቤቴ ውስጥ ቢኖረኝ ከማቀዝቀዣው የተሻለ ጨዋታ አገኛለሁ። አደራ፣ ጥያቄዬን ለኮሚቴ እንዳይመሩት፤ ዕድሜዬ አይፈቅድም።

የማዕከሉን መዝጊያ በር እንጂ መክፈቻ በር ያላየሁ፣ በጥናታችሁ ውስጥ አንድ ተብዬ በመቆጠሬ ራሴን ቀና አድርጌ የምሄድ፣ ለሥልጣንዎና ለወገብዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣ የእህቴ ልጅና የተማሪዎቻችሁ ሁሉ አጎት፣

ጋሼ ሙጫ፣
የቀድሞ ጠራዥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልረሳው ነበር። በተቋማት ተጠያቂነት ላይ የጻፉት የእርስዎ የመመረቂያ ጽሑፍም ሰኞ ስካን ይደረጋል፤ ከዚያ ለዓለም ሁሉ ይታያል። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስጠርዙኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ምዕራፍ ሦስትን ሁለት ጊዜ አባዝቶ ሰጥቶዎት ነበር፤ ባለቤቴ ሆስፒታል የገባችበት ሳምንት ስለነበር እኔም ሳላስተውል በአራቱም ቅጂዎች ውስጥ በምዕራፍ አራት ቦታ ምዕራፍ ሦስትን ደግሜ ሰፋሁት። ምዕራፍ አራትን ከጥራዝ መጭመቂያው ሥር ያገኘሁት እርስዎ ተፈትነው ካለፉ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሮጬ ልመጣ ተነሥቼ ነበር። ሦስቱ ፈታኞች «እጅግ በጣም ጥሩ» እንዳሉት፣ አንደኛውም በተለይ የምዕራፍ አራትን ጥልቀት እንዳደነቁ ስሰማ ግን ቁጭ አልኩ። የሆነ ሰው፣ እርስዎ እንኳ፣ መጥቶ «ምዕራፍ አራት የት ገባ?» ይለኛል ብዬ እስካሁን ስጠብቅ ኖርኩ። ማስፈራራቴ አይደለም፤ በሙጫ የኖረ ሰው መቅደድ አይሆንለትም። ምዕራፉ መሳቢያዬ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። ገጽ ሰባ አንድ ላይ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ከመዝጋቱ በፊት በዚያ በር የሚገባውን ሰው ጠርቶ ሊጠይቀው ይገባል ብለው ጽፈዋል፤ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ጥራዙን ይዘው ይምጡና ቦታው ላይ እሰፋልዎታለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ከአሥራ አራት ቀን ወዲህ ጠዋትም ቤት ነኝ።